መካኒሳ በስንት ስሙ

ለአዲስ አበባ ሰው መካኒሳ ሰፈር ነው። በጅማ መንገድ ወርዶ ሰኮሩ የደረሰ ሰው ግን መካኒሳ የቱ ነው ቢል የሚያሳዩት ዛፍ ነው፤ በአማርኛ ብሳና፣ በዕፅዋት ሊቃውንት አጠራር ክሮተን ማክሮስታኪየስ። የመድኃኒት ዕፅዋት መዝገብ የሚያዘጋጅ ሰው ሦስቱ ስሞች አንድ ዛፍ መሆናቸውን ከሳተ፣ ከዚያ ወዲያ የሚደረድረው ሁሉ ይዘባረቅበታል።

ተመራማሪዎቹ ኃይሌ ይነገርና ደለነሳው የኋላው እ.ኤ.አ. ከ2005 መጨረሻ እስከ 2006 ሰኮሩ ውስጥ 15 የባህል ሐኪሞችን ጠይቀው፣ ለ28 ሕመሞች ይሆናሉ የተባሉ 27 ዕፅዋትን መዘገቡ። ትንሹ ሐኪም 23፣ ትልቁ 83 ዓመታቸው ነበር። ለውጭ እባጭ ከሁሉ የተመረጠው ጥቁር እንጨት ነው። ጸሐፊዎቹ ታዲያ «ይፈውሳል» አላሉም፤ ሐኪሞቹ «ይፈውሳል ይላሉ» ነው ያሉት። ይህችን «ይላሉ» ልብ በሉልኝ።

እ.ኤ.አ. በ2019 ለሜሳ ኤታና ቡልቱም፣ አበበ መንግሥቱ ወዬሳና ዶሄዮን ሊ ኢቲኤም-ዲቢ የተባለውን የኢትዮጵያ ባህላዊ መድኃኒት የመረጃ ቋት ይዘው ብቅ አሉ። የቻይና ባህላዊ መድኃኒት በዚህ ቀድሟል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የታይዋኑ ቋት ብቻ ከ20,000 በላይ ውህዶች አሉት። የእኛው 1054 ዕፅዋትና 4285 ውህዶች ይዟል። ቁጥሩ ብዙም አልደነቀኝም። ጥልፍ የሚያውቅ ሰው ቀሚሱን ገልብጦ ክሩ የታሰረበትን ያያል፤ እኔም ጀርባውን ነው ያየሁት።

ዕፅን ከሕመም የሚያገናኙ 5779 ክሮች አሉ፤ ውህድን ከሕመም የሚያገናኙት ደግሞ 105,202። ሁለቱ ለየብቻ ነው የታሰሩት። ስለ ዕፁ የተነገረው በአንድ በኩል፣ ስለ ሞለኪውሉ የሚታወቀው በሌላ በኩል ይሄዳል። ተቀላቅለው ተባዝቶ የወጣ ጥጥ ቢመስሉ ማን ምን እንዳለ አይለይም ነበር። ተደባልቀው የሚሰጡ 573 መድኃኒቶችም የራሳቸው ቦታ አላቸው። ለሐኪሙ ቅልቅሉ ራሱ መድኃኒት ነውና፣ በየቅጠሉ ቢበታተን ሌላ ነገር ይሆንበታል።

ማበጠሩም ደስ ይላል። ከ4285 ውህዶች የመጀመሪያውን ማጣሪያ ያለፉት 4080 ናቸው፤ መጠናቸውና በውሃም በስብም የመሟሟት ጠባያቸው ሲመዘን 876 ቀሩ። እነዚህም ቢሆኑ መድኃኒት አልተባሉም፤ መድኃኒት የመሆን መልክ አላቸው ነው የተባለው። የሰኮሩዋ «ይላሉ» እዚህም ድረስ ዘልቃለች።