የወተት መኪኖች የወጡበት መንገድ

በዙሪክ ምዕራባዊ ክፍል የሚገኘው ቶኒ አሬያል ግዙፍ የወተት ማቀነባበሪያ ነበር። ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን የዙሪክ የጥበባት ዩኒቨርሲቲ ቤት ነው፤ ወርክሾፑ፣ ስቱዲዮው፣ የሙዚቃ አዳራሹና የኤግዚቢሽን ክፍሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰባስቧል።

ይህን ያስቻለው የኢኤም2ኤን አርክቴክቶች የንድፍ ሐሳብ ነው። የቢሮው መሥራቾች ማቲያስ ሙለርና ዳንኤል ኒግሊ ያን የሚያህል ሕንፃ እንደ አንዲት ከተማ አዩት። የጭነት መኪኖች ይወጡበት የነበረውን ተዳፋት አላጠፉትም፤ ዛሬ ሰው በእግሩ ወደ ላይኞቹ ፎቆች የሚወጣበት ጎዳና ሆኗል። የውስጡም መተላለፊያ እንደ መንገድ፣ አዳራሹ እንደ አደባባይ ታስቦ ተሠራ። በዚህም ሙዚቀኛው፣ ዲዛይነሩና ፊልም ሠሪው መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ይህ ሐሳብ ባይኖር ያ ሁሉ ክፍል መውጫው የሚጠፋ የግድግዳ ክምር በሆነ ነበር፤ ትልቁ ውለታውም ይኸው ነው።

ጄኔቭም የራሷ ምሳሌ አላት። በ1994 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ማምኮ ያረፈው የፊዚክስ መሣሪያዎች ይመረቱበት በነበረ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ለሠራተኞች የተዘረጋው ወለል ለሥዕልና ለቅርጻ ቅርጽ በቅቷል።

ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ጋለሪ ወይም ወርክሾፕ ሊነድፍ የተነሣ ባለሙያ፣ የመጀመሪያውን መስመር ከማስመሩ በፊት የቆመውን አሮጌ ሕንፃ ደጋግሞ ዞሮ ይመልከተው።