ወፌ ቆመች ከተባለ በኋላ

ሕፃን ግድግዳውን ለቆ ብቻውን ሲቆም ቤቱ በሙሉ «ወፌ ቆመች!» ይላል፤ ወዲያውም የጫማ ነገር ይነሳል። ከመልካሳ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዳማ ገበያ የወጣ ወላጅ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ሶሉ ጠንካራ፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ «እንዲያድግበት» ተለቅ ያለ ጫማ ነው። እኔ እንደ ጫማ ሠሪ የማምነው ተቃራኒውን ነው። ድክ ድክ ለሚል ልጅ መራመድን የሚያስተምረው መሬቱ ነው፤ የሠሪው ጥበብም እግሩን ከመሬት ሳያራርቁ ከጉዳት መከለል ላይ ነው።

የአንድ ዓመት ልጅ እግር የትልቅ ሰው እግር ታናሽ አይደለም። ጣቶቹ ጋ ሰፊ፣ ተረከዙ ጋ ጠባብ ነው፤ ኋላ አጥንት የሚሆነው አካል ገና ብዙው ለስላሳ ስለሆነ ጠባብ ጫማ ውስጥ ያለ ሕመም ይታጠፋል። ስለዚህ አለማልቀሱ ጫማው ልኩ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ትልቁ ስህተታችን ይህን ዘንግቶ የትልቅ ሰው ፎርማ አሳንሶ መሥራት ነው። ደህና ጫማ በሁለት ጣት ሲጫኑት ከጣቶቹ ሥር ይታጠፋል፤ ገበሩ ስስ የበግ ቆዳ ነው፤ ስፌቱ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ማስቲሹ ውስጥ ጓጉሎ አይቀርም። በመልካሳ ሙቀት እግርን በላብ የሚያርሰው ድፍን ፕላስቲክ ለዚህ ዕድሜ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከ12 እስከ 19 ወር ያሉ ሕፃናት በሰዓት በአማካይ 2,368 እርምጃ እንደሚራመዱና 17 ጊዜ እንደሚወድቁ ቆጥሯል። ይህን ሁሉ ልምምድ በማይታጠፍ ሶል ላይ ማሳለፍ ጣቶቹ መሬት መቆንጠጥን የሚማሩበትን ዕድል መንፈግ ነው።

«ካልተደገፈ እግሩ ይጎብጣል፣ ውስጡም ጠፍጣፋ ይሆናል» የሚሉ አሉ። የሕፃን ውስጥ እግር ጠፍጣፋ የሚመስለው ስብ ስለሞላው ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ሕንድ ውስጥ 2,300 ልጆች ሲመረመሩ ጠፍጣፋ እግር የተገኘው ጫማ ከሚያደርጉት 8.6 በመቶ፣ ከማያደርጉት 2.8 በመቶ ላይ ነበር። ጥናቱ ብቻውን ጫማን አይኮንንም፤ ጫማ ውስጥ እግር ጠፍጣፋ እንዳይሆን ይከላከላል የሚለውን እምነት ግን መሠረት ያሳጣዋል። ስለ «ያድግበታል» ደግሞ፣ የወላጅ ኪስ እውነተኛ ችግር ነው። ነገር ግን አንድ ቁጥር 7 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ነው፤ ሁለት ቁጥር ሲጨመር ተረከዙ ይወልቃል፣ ልጁም ጫማው እንዳያመልጠው ጣቶቹን ያጥፋል። ልጁን አቁሞ እግሩን ወረቀት ላይ መሳልና የትንሽ ጣት ውፍረት ያህል መተው ይበቃል። ጫማው ለደጅ ብቻ ከሆነ ደግሞ አንድ ጥንድ ይበቃዋል።

ከሁሉም የሚከብደኝ ሌላ መቃወሚያ ነው። ባዶ እግር በአገራችን የድህነት ምልክት ሆኖ ኖሯል፤ በሽታም አምጥቷል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ የእግር ዝሆኔን በደጋው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ጋር ካያያዘው ወዲህ «ጫማ አድርጉ» የሚለው ምክር ብዙ ሰው አድኗል። እኔም ከዚህ አልወጣም። መልካሳ ደጅ ኩርንችት፣ የግራር እሾህና የተሰበረ ጠርሙስ አለ፤ እኩለ ቀን ላይ አፈሩ ያቃጥላል። ከደጃፍ ሲወጣ ጫማ ይደረግለት፤ ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ግን እግሩ ይፈታ። ጎረቤት ምን ይላል የሚለው ስጋት ይገባኛል፤ ቢሆንም ለልጁ እግር መመዘኛ ሊሆን አይገባም።

ጫማ የዘገየን ልጅም አያፋጥንም። የዓለም ጤና ድርጅት በአምስት አገሮች ባደረገው ጥናት ጤነኛ ሕፃናት ብቻቸውን የሄዱት ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ባለው ጊዜ ነው። በ10 ወሩ ያልሄደውን ልጅ «ጫማ ስለሌለው ነው» ብሎ ወደ እኔ ማምጣት ከንቱ ወጪ ነው፤ 18 ወር ሞልቶት ያልሄደውን ደግሞ ጤና ጣቢያ ይዘውት ይሂዱ።