ስቶን ታውን እደሩ፣ ስቶን ታውን!

ዛንዚባር ልትሄዱ ነው? ሆቴል ይዛችኋል? ካልያዛችሁ ትንሽ ታገሡኝ፤ ከያዛችሁም፣ መሰረዝ የሚቻል ከሆነ ሰርዙት! ይህን ሳልነግራችሁ ብትሄዱ እንቅልፍ አይወስደኝም። በዚያች ደሴት ላይ ለማደሪያ የተፈጠረ የሚመስል አንድ ቦታ አለ፤ ሰው ሁሉ ግን ሻንጣውን እየጎተተ በጎኑ ያልፈዋል። ስቶን ታውን ነው። አዎ፣ ያው ቱሪስቱ በግማሽ ቀን ዞሮ፣ ቅመም ገዝቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ «አየሁት» የሚለው አሮጌው ከተማ። ማየቱንማ ሁሉም ያየዋል። እኔ የምላችሁ እደሩበት ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ዛንዚባር ሲባል ለሁላችን ዓይናችን ላይ የሚመጣው ነጭ አሸዋና ሰማያዊ ውሃ ነው። ስለዚህ ሰው በስልኩ ላይ ፎቶ ሲያገላብጥ ያመሽና ወይ በሰሜን ኑንግዊንና ኬንድዋን፣ ወይ በምሥራቅ ፓጄንና ጃምቢያኒን ይይዛል። ፎቶው አልዋሸም። የተነሣበትን ሰዓት ግን አይነግራችሁም። ባሕሩ እዚያ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። በምሥራቁ ዳርቻ ሲሸሽ ደግሞ ትንሽ ፈቀቅ አይልም፤ ጥሎ ነው የሚሄደው! ማዕበሉን የሚሰብረው የኮራል አጥር ሩቅ ስለሆነ ውሃው እስከዚያ ድረስ ይሄድና፣ ልትዋኙበት ያሰባችሁት ባሕር እርጥብ ሜዳ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ ስለሚሄድ ዛሬ ጠዋት ያገኛችሁትን ውሃ ከሳምንት በኋላ በዚያው ሰዓት አታገኙትም። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ሽሽቱ ይብሳል።

ያም ቢሆን መታየት ያለበት ነገር ነው፤ አልዋሽም። ውሃው ሲጎድል የፓጄ ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ይወርዱና በችካልና በገመድ ያሰሩትን የባሕር አረም ይሰበስባሉ። አረሙ ደርቆ ወደ ውጭ ይላካል፣ ለምግብና ለመዋቢያ ፋብሪካዎች ማወፈሪያ ይሆናል። ኑንግዊና ኬንድዋ ከሽሽቱ ብዙም ስለማይጎዱ በአብዛኛው ሰዓት ይዋኝባቸዋል። ታዲያ ሂዱና ዋኙ! ኑንግዊ ከከተማው 60 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ጠዋት ታክሲ ይዞ፣ ወይም ጉልበቱ ካላችሁ ዳላዳላ በሚሉት የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ውስጥ ተጠጋግቶ ሄዶ፣ ውሎ ዋኝቶ፣ ከሰዓት በኋላ መመለስ ነው። ባሕር የቀን ነገር ነው። ማታ ከጨለመ በኋላ የባሕር ዳር መዝናኛ ውስጥ የሚቀራችሁ ምንድን ነው? ቡፌ፣ በየአገሩ የምትሰሙት ያው ሙዚቃ፣ እና ከበሩ ላይ የቆመ ዘበኛ። ለዚህ ለዚህማ ላንጋኖ ምን አነሰኝ!

አሁን ወዳደርሁበት ቤት ልውሰዳችሁ። ኪፖንዳ በሚባለው ሰፈር፣ መኪና በማይገባበት መንገድ ውስጥ ያለ የድሮ ነጋዴ ቤት ነው፤ ዛሬ ገስት ሃውስ ሆኗል። ታክሲው ዳር ላይ ያወርዳችኋል። ከዚያ አንድ ጎረምሳ ሻንጣውን ተሸክሞ እየመራችሁ ግራ፣ ቀኝ፣ ደግሞ ግራ ስትሉ አቅጣጫው ይጠፋባችኋል። ሐረር ጀጎልን የሚያውቅ ሰው ይህን መጥፋት ያውቀዋል፤ ደስ የሚል መጥፋት ነው፣ ለሚጣደፍ ሰው ብቻ ነው ቅጣት የሚሆነው። ከዚያ በሩ ጋ ትደርሳላችሁ። በሩ! እዚያ ቆሜ ጎረምሳው እስኪታክተው ድረስ አየሁት። ጥቁር ጠንካራ እንጨት ነው፤ ዙሪያውን የሰንሰለት ቅርጽ ይዞረዋል፣ ከታች ዓሣ፣ ከላይ አበባ ተፈልፍሎበታል፣ ሳንቃው ላይ ደግሞ ጫፋቸው የሾለ የናስ ጉብታዎች በሰልፍ ተመተውበታል። ከትልቁ ሳንቃ ውስጥ ሌላ ትንሽ በር ተቆርጦለታል፤ ዘወትር የሚገባው በእሷ ነው፣ ጎንበስ ብሎ። በድሮ ጊዜ ባለጸጋው መጀመሪያ በሩን ያሠራ ነበር ይላሉ፣ ቤቱ ከዚያ ይከተላል። ከተማው ሙሉ እንዲህ ያለ በር ነው! አራት ማዕዘን ሆኖ ከላዩ የቁርዓን ጽሑፍ ያለበት የዓረቦቹ፣ አናቱ ቅስት የሆነው ደግሞ ከሕንድ የመጡት ነጋዴዎች ነው። ይህን ካወቃችሁ በኋላ መንገድ መሄድ አትችሉም፤ በየበሩ ትቆማላችሁ።

ውስጡ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ግድግዳው ከኮራል ድንጋይና ከኖራ የተሠራ፣ ውፍረቱ ክንድ የሚያልፍ ነው። ምጽዋን የሚያውቁ የኛ ሰዎች ይህን ድንጋይ ያውቁታል። ውጭ እንደ እሳት የሚጋረፈው ፀሐይ በሩን ስትሻገሩ ያበቃል። መሃሉ ላይ ሰማይ የሚታይበት ግቢ አለ፤ ሙቁ አየር በእሱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ከሥር ይገባል። ክፍሎቹ ሁሉ ለምን ጠበብ ብለው ረዘሙ ብዬ ጠየቅሁ። ጣራውን የተሸከመው እንጨት ማንግሮቭ ከሚባለው፣ በባሕር ጭቃ ውስጥ ከሚበቅለው ዛፍ የተቆረጠ ነው፤ ያ እንጨት ሦስት ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚደርስ ክፍሉም ከዚያ በላይ ሊሰፋ አይችልም። ዛፉ ነው የከተማውን ክፍል ሁሉ የለካው! ይህን ከሰማሁ በኋላ አልጋዬ ላይ ተንጋልዬ የጣራውን እንጨት ስቆጥር አመሸሁ።

አልጋውስ! የዛንዚባር አልጋ ከፍታው መወጣጫ ያስፈልገዋል። የራስጌው እንጨት የተጠረበ ነው፣ በመሃሉም አበባ የተሳለበት መስታወት ተሰክቶበታል፤ ከላይ ነጭ አጎበር ይወርድበታል። ለንጉሥ የተዘጋጀ አልጋ ላይ ከርታታ መንገደኛ ሲተኛ ያስቃል።

ግን ዋናው ጣራው ላይ ነው። ደረጃውን እያለከለካችሁ ትወጡና የእንጨት ድንኳን መሳይ ነገር ታገኛላችሁ፤ አራቱም ጎኑ ክፍት ነው። ነፋሱ ከባሕር በቀጥታ ይመጣል። ከሥራችሁ የዛገ ቆርቆሮ፣ የመስጊድ ሚናሬ፣ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ጫፍ፣ የካቶሊኮቹ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ማማዎች፣ ከዚያ ወዲያ ሸራቸውን የዘረጉ ጀልባዎች። ቁርሱ እዚያ ይመጣል፦ ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ቻፓቲ፣ ዝንጅብልና ሄል የገባበት ሻይ። ንጋት ላይ አዛኑ ከየአቅጣጫው ይነሣል፤ አንዳንድ ፈረንጆች በዚህ ያማርራሉ። ቅዳሴና አዛን በአንድ ጊዜ እየቀሰቀሱት ላደገ የአዲስ አበባ ልጅ ግን ይህ ምኑ ነው?

እንዲያውም ለኛ ለኢትዮጵያውያን ይህች ከተማ የምትሰጠው ልዩ ጥቅም አለ፤ ስሰማው ጮቤ ነው የረገጥሁት። ሰዓታቸው የኛው ነው! ስዋሂሊ ተናጋሪው ቀኑን የሚቆጥረው ልክ እንደኛ ከንጋት ጀምሮ ነው። ሁለት ሰዓት ሲላችሁ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፤ ጎናችሁ ያለው ፈረንጅ በጣቱ ስድስት ሲደምርና ሲቀንስ እናንተ ቡናችሁን ትጠጣላችሁ። ቡናውን ደግሞ ጆውስ ኮርነር በሚሏት ጠባብ አደባባይ ጠጡት። ከሰል ላይ የተቀመጠ ረጅም አፍንጫ ያለው የናስ ማንቆርቆሪያ አለ፤ ስኒው እንደኛው ጆሮ የለውም፣ ቡናው ጥቁርና መራራ ነው፣ ከጎኑ በስኳር የተጋገረ የለውዝ ጣፋጭ ይቀርባል። (ከኛ ቡና ጋር አላወዳድረውም፤ ስለ ወገን መመስከር ነውር ነው።) ሽማግሌዎቹ ዶሚኖ እየመቱ ፖለቲካ ይከራከራሉ። በየቤቱ ግድግዳ ሥር ከድንጋይ የተሠራ መደብ ስላለ ማንም አላፊ አግዳሚ ቁጭ ማለት ይችላል፤ ዝናብ ሲመጣና መንገዱ ወንዝ ሲሆን ደግሞ ሰው በመደቡ ላይ እየተራመደ ያልፋል።

አሁን ደግሞ ያልጠበቅሁትን ልንገራችሁ። ባሕሩ ፊት ለፊት ቤይት አል ዐጃኢብ የሚባል ግዙፍ ቤተ መንግሥት አለ። በ1883፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ሱልጣን ባርጋሽ ያሠራው ነው። በ2020 መጨረሻ እድሳት ላይ ሳለ ከፊሉ ተደርምሶ ሰው ሞቶበታል። ለከተማው የቧንቧ ውሃ ያስገባውም ይኸው ባርጋሽ ነው፤ እናቱ ደግሞ ሐበሻ ነበረች! እኅቱ ልዕልት ሳልሜ ለአንድ ጀርመናዊ ነጋዴ ብላ ተሰድዳ በ1886 ባሳተመችው የትዝታ መጽሐፏ፣ በአባቷ ቤት ስለነበሩት የሐበሻ ሴቶች ጽፋለች። እነዚያ ሴቶች ወደው የመጡ አልነበሩም፤ ተገዝተው ነው። በ1873 እንግሊዞች በጦር መርከብ አስፈራርተው የባሪያ ገበያውን ያዘጉት፣ የባሪያ ንግዱን የሚያስቆመውን ውልም ያስፈረሙት ይህንኑ ከተገዛች ሐበሻ የተወለደ ሱልጣን ነው። በገበያው ቦታ ላይ ዛሬ የአንግሊካን ካቴድራል ቆሟል። ከገስት ሃውሱ በእግር የሚደረስ ነው፤ ከባሕር ዳር ሆቴል የሚመጣው ቱሪስት በአስጎብኚ ሰዓት ተጣድፎ የሚያየውን እናንተ ረጋ ብላችሁ፣ ማንም ሳይጎትታችሁ ታያላችሁ።

ሲመሽ ፎሮዳኒ። ከአሮጌው ምሽግ ፊት፣ ባሕሩ ጠርዝ ላይ ያለ መናፈሻ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የሰፈሩ ልጆች ከግንቡ ላይ እየተንደረደሩ፣ እየተገለባበጡ ወደ ውሃው ይዘላሉ፤ የሚያጨበጭብ ሲያገኙማ ይብስባቸዋል። ከዚያ ጭሱ ይነሣል፣ ፋኖሶቹ ይበራሉ፣ ነጭ ቆብ ያደረጉት ሻጮች ይጠራሉ። ሸንኮራው በመጭመቂያ ውስጥ ከሎሚና ከዝንጅብል ጋር ሲያልፍ አረንጓዴ ጭማቂ ይወጣዋል። ዓሣና ኦክቶፐስ የተደረደረበት ጠረጴዛ ያምራል፤ ቢሆንም ሲጠበስ ያያችሁትን ምረጡ፣ ዋጋውንም ሳትጎርሱ ጠይቁ። የኔ ምርጫ ግን ኡሮጆ ነው። ቢጫ፣ ጎምዘዝ የሚል የማንጎ ሾርባ ነው፤ ውስጡ ድንች፣ የተጠበሰ የሽምብራ ዱቄት ኳስ፣ ኮኮናት፣ ቃሪያ ይገባበታል። በመጀመሪያው ማንኪያ ተደናገርሁ፣ በሁለተኛው ላብ አሰመጠኝ፣ ከዚያ ሳህኑን ማን ባዶ እንዳደረገው አላውቅም! ከሁሉ የሚጥመው ግን ስትጨርሱ ታክሲ አለመፈለጋችሁ ነው። በእግራችሁ፣ በዚያ ጠባብ መንገድ፣ ወደ ቤታችሁ።

ሰፈር እንዴት ይመረጣል? ሻንጋኒ ምዕራቡ ጫፍ ላይ ስለሆነ ጀምበር መጥለቂያውን ከመስኮት ያሳያል፤ ዋጋውም ይህን ያውቃል። ሁሩምዚና ኪፖንዳ ልቡ ላይ ናቸው፣ የሚያምሩት ጣራዎችም እዚያ ናቸው። ማሊንዲ ወደቡ ጋ ነው፤ ለዳሬሰላም መርከብ በማለዳ ለሚነሣ ሰው ይመቻል፣ የዓሣው ገበያ ሽታ ግን አፍንጫ አይምርም። በርካሽ ተገኘ ብላችሁ አሮጌውን ከተማ ከሚያዋስነው ትልቅ መንገድ ማዶ አትሂዱ አልልም፤ ማዶ ያለውም ከተማ ነው፣ በምስራቅ ጀርመኖች እገዛ የተሠሩት ረጃጅም የሚቼንዛኒ ሕንጻዎች ራሳቸው አንድ ጉድ ናቸው። ብቻ የምላችሁ ቤት እዚያ አይደለም።

ሙቀቱ አይረሳ፤ እርጥበቱ ልብስ አያስደርቅም። «ላስጎብኛችሁ» የሚሉት ልጆች ይከተሏችኋል፤ አንድ ጊዜ በፈገግታ እምቢ፣ ከዚያ መሄድ። የእስልምና ከተማ ስለሆነ ትከሻና ጉልበት ሸፈን ይደረጋል፤ በረመዳን ደግሞ ቀን ምግብ ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለውን የረጅሙን ዝናብ ወራት ተዉት፣ ብዙ ቤቶችም ያኔ ይዘጋሉ። ሰኔ ሲገባ ደረቅና ነፋሻ ይሆናል፤ የኛ ክረምት ሲያጨቀይ የነሱ ሰማይ ይጠራል ማለት ነው! ከአዲስ አበባ በቀጥታ የሚበር አውሮፕላን አለ።

ስትይዙ ደውሉና ላይኛው ፎቅ ጠይቁ፤ በሁለት ጎን የሚከፈት መስኮት፣ የሚሠራ የጣራ ማራገቢያ፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሣ ጄኔሬተር መኖሩንም አረጋግጡ። ከምድር ቤት ርካሽ ክፍል አለ ቢሏችሁ እምቢ በሉ፣ ነፋሱ እዚያ አይወርድም። ሻንጣውን ግን ቀለል አድርጉት፤ ሊፍት የለም፣ ደረጃው ደግሞ የጎንደርን ግንብ ያስንቃል!