የሰው-ወር ልኬትና የሥራ ፕላን፤ የፍሬድሪክ ብሩክስ መጽሐፍ ሲመረመር

የኮምፒዩተር ፕሮግራም አዘጋጆች ለንባብ ከሚመርጧቸው መጻሕፍት መካከል አንዱ ስለ ማሽኑ አሠራር እምብዛም አያስተምርም፤ ሆኖም ከታተመበት ዘመን ጀምሮ ከእጃቸው አልጠፋም። ይኸውም አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ብሩክስ በ1975 (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያሳተሙት «ዘ ሚቲካል ማን-መንዝ» ሲሆን፣ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ተረት የሆነው የሰው-ወር» እንደ ማለት ነው። የሚመረምረው የሥራ አመራርን በመሆኑ ለፕላን አውጪዎችና ለመምህራንም የሚበጅ ቁም ነገር ይገኝበታል።

ብሩክስ የሚጽፉት ካዩት ተነሥተው ነው። አይ.ቢ.ኤም. በ1964 ይፋ ያደረጋቸው የሲስተም 360 ኮምፒዩተሮች ሲዘጋጁ ኃላፊ ነበሩ፤ ቀጥሎም የእነዚህን ማሽኖች ሥራ የሚያስተባብረውን፣ ኦ.ኤስ. 360 የተባለውን የፕሮግራሞች ስብስብ ዝግጅት መርተዋል። ለዚህ ሥራ ከ1963 እስከ 1966 ድረስ 5,000 ያህል የሰው-ዓመት እንደ ፈሰሰበት በመጽሐፋቸው ገምተዋል። ይህ ሁሉ የሰው ኃይል ተሰልፎም ሥራው ከቀጠሮው ዘገየ፤ ወጪውም ከግምቱ በብዙ እጥፍ በለጠ።

የመጽሐፉ እምብርት ሁለተኛው ምዕራፍ ነው። የሰው-ወር የሚባለው የሠራተኛው ቁጥር በወራቱ ተባዝቶ የሚገኝ መለኪያ ሲሆን፣ በዚህ ስሌት አንድ ሰው በ12 ወር የሚፈጽመውን 12 ሰዎች በአንድ ወር ይጨርሱታል። ልኬቱ ወጪን ለመቁጠር ቢረዳም የሥራን ዕድሜ ለመተመን እንደሚያሳስት ብሩክስ ያስረዳሉ። በደቦ በሚታጨድ ማሳ ላይ ሰው ቢጨመር ሥራው በዚያው ልክ ይፋጠናል፤ አንዱ አጫጅ ሌላውን ሳይጠይቅ የያዘውን መጨረስ ይችላልና። አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ለሃያ አዘጋጆች ቢታደል ግን እንዲህ አይሆንም፤ በ3ኛው ምዕራፍ የተሰጠው ፍቺ በ7ኛው እንዳይፈርስ አዘጋጆቹ መነጋገር ግድ ይሆንባቸዋል። ፕሮግራም ማዘጋጀትም ከዚህ ወገን ነው። ሦስት ሰዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ቢመካከሩ የመገናኛው መስመር 3 ነው፤ 10 ሲሆኑ 45፣ 20 ሲሆኑ 190 ይደርሳል። በዚህም ላይ አዲሱን ሠራተኛ የሚያሠለጥነው ሥራውን የያዘው ነባሩ ስለሆነ፣ በዘገየ ሥራ ላይ ሰው ማከል መዘግየቱን ያብሰዋል። ፍርዱ ከልክ በላይ የቀለለ መሆኑን ደራሲው ራሳቸው አልሸሸጉም፤ ብዙዎች ግን ማሳሰቢያውን ትተው ፍርዱን ብቻ ይደግማሉ።

የጊዜ ድልድላቸውም ልብ ሊባል ይገባዋል። ከሥራው ዘመን ሲሶው ለፕላን፣ 1/6ኛው ለፕሮግራሙ ጽሕፈት፣ የቀረው ግማሽ ለፈተናና ለእርማት እንዲውል ያሳስባሉ። ግማሹን ለፈተና መስጠት ለፕላን አውጪ ብክነት መስሎ ሊታየው ይችላል፤ ዳሩ ግን ስሕተት የሚገለጠው ሥራው ሊያልቅ ሲል ነውና፣ ከዚያ ጊዜ የሚሸረፈው ቀን በኋላ ብዙ ያስከፍላል። አዲስ ሥርዓተ ትምህርት በጥቂት ትምህርት ቤቶች በሚገባ ሳይሞከር ሲሠራጭ ያየ መምህር ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

መጽሐፉ የሚደክመው በትምህርት ረገድ ነው። ብሩክስ አዲስ ገቢውን በዕዳ መዝገብ ይጽፉታል፤ ማሠልጠን በሒሳባቸው ከሥራው ጊዜ የሚቀነስ ኪሳራ ነው። ለአንድ የዘገየ ሥራ ስሌቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ለአሥርና ለሃያ ዓመት ለሚያስብ መሥሪያ ቤት ግን ጐደሎ ነው፤ ዛሬ አዲስ ሰው ካልገባ ነገ ነባር የሚባል አይኖርምና። ከሃርላን ሚልስ ወስደው ያቀረቡት፣ በቀዶ ጥገና ሐኪሞች አምሳል የተዋቀረው ቡድን ጉድለቱን ያጐላዋል። በዚህ ቡድን ዋናውን ሥራ የሚሠራው አንድ የላቀ ባለሙያ ሲሆን፣ የቀሩት ዘጠኙ መሣሪያ በማዘጋጀት፣ ጽሑፍ በማረም፣ ሥራውን በመፈተን ያግዙታል። ንድፉ ከአንድ አእምሮ መፍለቁ የሥራውን አንድነት ይጠብቃል፤ በዚህ ነጥብ ክርክራቸው ብርቱ ነው። ከዘጠኙ መካከል ልምዱ አነስ ያለ ምክትል ባለሙያ መኖሩም እውነት ነው። ያ ምክትል እንዴት፣ በስንት ጊዜ፣ በማን ትምህርት ለዋናነት እንደሚበቃ ግን የ1975ቱ መጽሐፍ አይተነትንም። በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሳይንስን ክፍል በ1964 ካቋቋሙ መምህር እንዲህ ያለ ዝምታ አይጠበቅም ነበር።

ክፍተቱን በከፊል የሞላው በ1986 የጻፉትና በ1995ቱ እትም የተካተተው ድርሰት ነው። የፕሮግራምን ሥራ በአንድ ጊዜ በብዙ እጥፍ የሚያቀል አንድ ብልሃት እንደማይገኝ ከተከራከሩ በኋላ፣ ታላላቅ ነዳፊዎችን ማፍራት ዋነኛ ተስፋ መሆኑን ይገልጻሉ፤ ተስፈኛውን ቀድሞ መለየት፣ መካሪ መመደብ፣ ከአዋቂ ሥር እየሠራ ትምህርት የሚያገኝበትን ፕላን ማውጣት ከምክራቸው ይገኙበታል። እንዲህ ያለው ሐሳብ በጥቂት አንቀጾች መወሰኑ ያሳዝናል።

በዚሁ የ1995 እትም፣ የመጀመሪያው ሥራ እንደሚጣል አስቀድሞ ይታቀድ ያሉትን የቀድሞ ምክራቸውን ብሩክስ ራሳቸው ተችተው፣ ሥራው ጥቂት በጥቂት እየተሠራና እየተሞከረ እንዲያድግ መክረዋል። ደራሲው በ2022 አርፈዋል። ስለ ማሽን ሰዓት ድልድልና ስለ ኮምፒዩተር ማኅደር ጥበት የሚያትቱት ምዕራፎች አርጅተዋል፤ መጽሐፉን ለፕላን ሥራ የሚያነብ ሰው እነርሱን ዘልሎ ከሁለተኛው ምዕራፍ ወደ 1986ቱ ድርሰት ቢሻገር የሚያጣው ጥቂት ነው።