ከክፍል ውጭ ስለሚገኝ ትምህርት፤ በላሊበላ ጉብኝት ላይ የቀረበ ትችት

ከመማሪያ ክፍል ውጭ የሚገኘው ዕውቀት በውስጡ ከሚገኘው እንደማያንስ ዛሬ የሚክድ መምህር ጥቂት ነው። በአዲስ አበባ ያሉት ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶችም ይህን አምነው ስፖርቱን፣ ቴአትሩን፣ በጎ አድራጎቱንና የአገር ጉብኝቱን ከፕሮግራማቸው አግብተዋል። ለጉብኝት ከሚመረጡትም ስፍራዎች አንዷ ላሊበላ ናት። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ጉብኝቱን ለማስቀረት አይደለም፤ «በሥራ መማር» የሚለው ስም ይገባዋልን ብሎ ለመጠየቅ ነው።

ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች አንዳንዶቹ የሚከተሉት እ.ኤ.አ. በ1968 በጄኔቫ የተመሠረተውን የኢንተርናሽናል ባካሎሬት ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ዲፕሎማ የሚፈልግ ተማሪ ከፈተናው ሌላ «ፈጠራ፣ እንቅስቃሴና አገልግሎት» የሚባለውን ክፍል ቢያንስ ለ18 ወር መከታተል አለበት፤ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ አንድ ወር የሚወስድ ፕሮጀክት አለ። ማርክ አይሰጥበትም፤ ያልፈጸመው ግን ዲፕሎማውን አያገኝም። ቀድሞ 150 ሰዓት ይቆጠር ነበር፤ ቆጠራው በኋላ ቀርቷል፤ መቅረቱም ደግ ነው።

አሳቡ ግን ከባካሎሬት የቀደመ ነው። ጀርመናዊው መምህር ኩርት ሐን እ.ኤ.አ. በ1934 በስኮትላንድ የጎርደንስተንን ትምህርት ቤት ካቋቋመ በኋላ ተማሪዎቹን በባሕር ዳር ጥበቃ አሰማርቷል። እ.ኤ.አ. በ1962 በዌልስ የተከፈተው አትላንቲክ ኮሌጅም፣ የእርሱን አሳብ ተከትሎ፣ በባሕር ላይ አደጋ የደረሰበትን ሰው ማዳን የተማሪዎች አገልግሎት እንዲሆን አደረገ። ዛሬ በብዙ አገር ነፍስ አዳኞች የሚጠቀሙበት፣ ወለሉ ጠንካራ ጎኑ በአየር የተነፋ ጀልባ የተፈለሰፈውም በዚያው ኮሌጅ ነው። ልብ ማለት የሚገባን ነገር አለ። ተማሪው ገመዱን በደንብ ባያስር ሰው ይሰጥማል። የትምህርቱ ክብደት ሁሉ ያለው ከዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ይህ አሳብ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ከላስታ ተራራ ሲደርስ ምን ይሆናል? ተማሪው በአውሮፕላን ይመጣል፤ ዐሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ከአስጎብኚ ጋር ይዞራል፤ ቤተ ጊዮርጊስን ከአፋፉ ቆሞ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ለሕፃናት ደብተርና እርሳስ ያድላል፤ ተመልሶም የተሰማውን ይጽፋል። ጽሑፉ ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ ብዙ ጊዜም ያምራል። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ ተማሪው ሊሳሳትበት የሚችል አንድም ነገር የለም፤ «ልጄ፣ እንዲህ አይደለም» ብሎ የሚያርመው የላስታ ሰውም የለም።

ልዩነቱ እንዲታይ በዚሁ በሰሜን ወሎ ወደምትገኘው ወደ ዋድላ እንሻገር። ዋድላ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር በቅኔ ቤትነት ስሟ የሚጠራ አገር ናት። የቅኔ ተማሪ የኔታ ያሳዩትን መንገድ ይዞ ከዛፍ ሥር ወይም ከቋጥኝ ጥግ ብቻውን ይቀመጣል። ይህ ቆጠራ ይባላል። ቆጥሮ ሲጨርስ ቀርቦ ይነግራል። ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ይዞ ይጀምርና ዘአምላኪየ፣ ሚ በዝኁ፣ ዋዜማ እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። ነገራው በጓደኞቹ ፊት ነው፤ ሰዋስው ቢጎድል፣ ቤት ባይመታ፣ ሰሙና ወርቁ ባይገጥሙ የኔታ እዚያው ያርሙታል። በበዓል ቀን የሚቀርበውም ቅኔ አዲስ መሆን አለበት፤ የትናንቱ አይደገምም።

የዚህን ልጅ ኑሮ «በክፍል ውስጥ» እና «ከክፍል ውጭ» ብሎ ለመክፈል ያስቸግራል። ጎጆውን ይሠራል፤ እንጨት ይለቅማል፤ አኩፋዳውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ የተማረውን ለታናሹ ያስቀጽላል። በገና ዕለት በላሊበላ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ከላይና ከታች ተሰልፈው «ቤዛ ኵሉ» ሲሉ፣ ከመካከላቸው የቆመው ወጣት ዲያቆን በዜማ ቤት የተማረውን በሥራ እያሳየ ነው፤ ከጎኑ ያለው ጎብኚ ግን ያንኑ ይመለከታል እንጂ የሚጠየቅበት ነገር የለውም።

ይህን ስል የአብነት ተማሪውን መከራ ማሞገሴ አይደለም። ረኃቡ፣ በሽታው፣ በልጅነት ከእናት መለየቱ የታወቀ ነው፤ ሴቶች ልጆችም በእነዚህ ጉባኤዎች ጥቂት ናቸው። ልመና ትሕትናን ያስተምራል የሚሉ አሉ፤ ትሕትና ለመማር ሕፃን መራብ አለበት የሚለውን ግን አልቀበልም። ደግሞም ባካሎሬቱ ተማሪው ያደረገውን መለስ ብሎ እንዲመረምር ማዘዙ ትልቅ ነገር ነው። እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ የአትክልት ሥራ ነበረን፤ ቃሪያው ሲደርቅ ግን ለምን ደረቀ ብሎ የጠየቀን አልነበረም፤ መደቡና የሳይንሱ ክፍል ሳይተዋወቁ ዓመቱ አለቀ።

በአገራችን ከዚህ የጠነከረ ሙከራ ተደርጎ ያውቃል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1964 የጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ከመመረቁ በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ይልክ ነበር፤ አብዛኞቹም በአስተማሪነት ይሠሩ ነበር። ያ ተማሪ ሰኞ ጠዋት ሳይዘጋጅ ቢገባ አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ ያፍርበት ነበር። በጥቂት ቀን ጉብኝት ይህ አይገኝም። ላሊበላ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነት ውስጥ ባለፈች ጊዜ፣ በ2015 መጨረሻም በክልሉ ግጭት በተነሣ ጊዜ፣ ከእንግዳ የሚኖረው ሕዝብ ተቸገረ። ደብተር አድለው ከተመለሱት መካከል «እገሌ እንዴት ሆነ?» ብለው በስም የሚጠይቁት ሰው የነበራቸው ስንት ይሆኑ?

ለላሊበላ የሚስማማ ሥራ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻም። አብያተ ክርስቲያናቱ ከዐለት የተፈለፈሉ ስለሆኑ ከጠላቶቻቸው አንዱ የዝናብ ውሃ ነው፤ የጥንቶቹም ጠራቢዎች ይህን ስላወቁ ውሃ የሚያወርድ ቦይ በዐለቱ ውስጥ ፈልፍለዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአንዳንዶቹ ላይ መጠለያ የተተከለው ስለዚሁ ነው፤ መጠለያው ራሱ ጉዳት እንዳያመጣ ሕዝቡ ስጋቱን ቢያሰማም። በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ጥገና ደግሞ የአካባቢው ሰዎች በሥራው ላይ ሠልጥነዋል። እንግዲህ መምህሩ አለ ማለት ነው። ጎብኚው ተማሪ ግን የሚመጣው በበጋ ነው፤ ውሃው በምን በኩል እንደሚገባ አያይም። ጥቂት ተማሪዎች በሐምሌ መጥተው አንድ ወር ቢቆዩ፣ ዝናቡን በየዕለቱ ቢለኩ፣ ከሠለጠነው ባለሙያ እግር ሥር ሆነው የትኛው ቦይ እንደ ተደፈነ መዝግበው ለደብሩ ቢያስረክቡ፣ ልኬታቸው ሲሳሳት የሚያርማቸው ያገኛሉ። ወሩ ሲያልቅም ትምህርት ቤቱ ያንኑ ባለሙያ፦ «ይህ ልጅ ለከርሞ ይምጣ ወይስ ይቅር?» ብሎ ይጠይቀው።