ጎረቤት የሌለበት ታሪክ

የቶሮንቶ የአይሁድ ፊልም ፌስቲቫል የተመሠረተው በ1993 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የከተማው አይሁዳውያን በአብዛኛው ባተርስት ጎዳናን ተከትለው ወደ ሰሜን የሰፈሩ ስለሆኑ፣ ለፍሌሚንግደን ፓርክ ሰው ፌስቲቫሉ ለብዙ ዘመን የሌላ ሰፈር ድግስ ነበር። በ2020 ወረርሽኙ ሲኒማ ቤቶችን ሲዘጋ ግን ድግሱ ወደ ኢንተርኔት ዞረ። ዶን ሚልስ መንገድ ዳር በተደረደሩት ፎቆች ውስጥ የምንኖር አበሾችም ሳሎናችን ቁጭ ብለን ለመታደም ቻልን። እኔ የምፈልገው ስለ ቤተ እስራኤል የተሠሩትን ነበር። እንዲህ ባሉ ፌስቲቫሎች ሰበብ አንዱን ፊልም ካንዱ እያያያዝኩ ሳይ ቆይቼ፣ በአብዛኞቹ ውስጥ አንድ ሰው እንደጎደለ ተሰማኝ። የጎደለው ጎረቤት ነው።

ቶሮንቶ ለዚህ ታሪክ ባዳ አይደለችም። እዚሁ ይኖር የነበረው ሲምካ ጃኮቦቪች ስለ ቤተ እስራኤል ዘጋቢ ፊልም ያወጣው በ1983 ነው፤ የሙሴ ዘመቻ ገና አልተጀመረም። ዓላማው ዓለምን መቀስቀስ ነበርና በዚያ አይወቀስም። በርዕሱ ላይ ያለው «ፈላሻ» የሚለው ቃል ግን ዛሬ ጆሮ ይቆረቁራል። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን፤ እነሱ ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ነው የሚሉት። ፊልሙ ወደ ውጭ ይዞት የወጣው የእኛን ስድብ ነው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው የአውሮፕላን ዘመን ነው። በ1984 መጨረሻ በሙሴ ዘመቻ ከሱዳን ወደ ስምንት ሺህ ሰው፣ በግንቦት 1991 በሰለሞን ዘመቻ ከአዲስ አበባ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ሲወሰድ፣ ሲኒማ እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት ይለፈው? «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» (2019) ከዚህ ወገን ነው። በሱዳን የባሕር ዳርቻ የውሸት መዝናኛ ከፍተው ስደተኞችን በሌሊት ያሻገሩት የሞሳድ ሰዎች እውነተኛ ታሪክ መነሻው ነው። ፊልሙ ግን በአመዛኙ የክሪስ ኢቫንስ ጡንቻ ነው። ብዙዎችን መንገድ ያስጀመረው የፈረደ አክሉም ጥላ ያረፈበት ገጸ ባሕርይ ለአሜሪካዊው ማይክል ኬ. ዊሊያምስ ተሰጥቷል። የቀረው ሕዝብ ይራመዳል፣ ይደበቃል፣ ያለቅሳል፤ አያወራም። ክፉዎቹም የታወቁ ናቸው፤ ወታደር፣ በረሃ፣ ረሃብ።

ጎንደር ያደገ ሰው ወለቃን ያውቃል። ከከተማው ወጣ ብላ፣ የሸክላ ምስል ለቱሪስት የሚሸጥባት መንደር ናት። ቤተ እስራኤል በየቦታው የገበሬውን ማረሻ የሚቀጠቅጡ፣ የባላገሯን ምጣድና ጀበና የሚሠሩ ባለእጆች ነበሩ። ርስት ግን ተነፍገው ኖረዋል። ሲመሽም ቡዳ ናቸው፣ ጅብ ይሆናሉ ይባሉ ነበር። ምጣዷን ከእነሱ የምትገዛ እናት ልጇን ከዓይናቸው ትሸሽገዋለች። በእነሱም በኩል «አትንኩኝ» የሚባለው ሥርዓት ነበር፤ ባዕድ የነካ ታጥቦ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው። በሁለት አጥር መካከል እየተገበያዩ፣ እየተዋወሱ፣ እየተፈራሩ መኖር ማለት ይህ ነው። ለድርሰት ከዚህ የበለጠ ምን ይገኛል? የማዳን ፊልሞች ግን ጊዜ የላቸውም፤ አውሮፕላኑ ይነሣባቸዋል። የአማርኛ ሲኒማም ቢሆን በፍቅርና በቀልድ ሲጥለቀለቅ ወደዚህ አጥር ሲጠጋ አላየሁትም። የሚያስወቅሰን እኛን ስለሆነ ይመስለኛል።

ሩማንያዊ-ፈረንሳዊው ራዱ ሚሃይሌያኑ በ2005 ባወጣው ፊልም («ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» ብንለው ከፈረንሳይኛው ርዕስ አንርቅም) ጎረቤቱን በዘወርዋራ አስገብቶታል። በሱዳን መጠለያ ያለች ክርስቲያን እናት ልጇን ልጅ ለሞተባት ቤተ እስራኤላዊት ትሰጠዋለች። ልጁ አይሁዳዊ መስሎ እስራኤል ይገባል፤ ዕድሜውን ሙሉም ምስጢሩን ይሸከማል። ፊልሙ ረጅም ነው፤ ወደ ማብቂያው እንባችንን በግድ የሚጠይቅባቸው ቦታዎች አሉት። ቢሆንም የጎረቤትን ልጅ እዚያው አውሮፕላን ላይ ማሳፈሩ ድፍረት ነው።

ጎረቤቱን ፊት ለፊት ያመጣችው በልጅነቷ ከአዲስ አበባ የወጣችው ዓለምወርቅ ዳቪድያን ናት። «የበለስ ዛፍ» ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ2018 በዚሁ በቶሮንቶ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ሲሆን፣ ለሴት ዳይሬክተር የሚሰጠውን የዩሪማዥ ሽልማት አግኝቶ ወጥቷል። (ርዕሱ በለስ ይበል እንጂ፣ ሰው የሚሸሸግበት ዛፍ ሲባል በእኛ ልብ የሚቆመው ሾላ ወይም ዋርካ ነው።) ዘመኑ የደርግ ማብቂያ፣ 1981 ዓ.ም. ግድም ነው። የ16 ዓመቷ ሚና ከአያቷና ከወንድሟ ጋር ወደ እስራኤል ለመሄድ እየተዘጋጀች ነው። የምትወደው ኤሊ ክርስቲያን ነው፤ ከአፈሳ ሸሽቶ ተደብቋል። አፈሳ የሚለው ቃል ብቻ ስንቱን የእኔ ዘመን ሰው ያባንናል! ዳቪድያን ወታደሩን እንደ ጭራቅ፣ መሄዱን እንደ ትንሣኤ አልሳለችውም። ለሚና መዳን ማለት ኤሊን ጥሎ መሄድ ነው። ፊልሙ የሚያመው ሁለቱም እውነት ስለሆኑ ነው። አማርኛው የሰፈር አማርኛ ነው፤ ለፌስቲቫል ዳኛ የተስተካከለ አይመስልም። እኔ የምወቅሰው አንድ ነገር ቢኖር የከተማ ፊልም መሆኑን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለቱ ልጆች የሚለያዩት በመንግሥት እጅ ነው፤ ወለቃ ቢሆኑ ኖሮ ከመንግሥት በፊት የሚለያያቸው የኤሊ አክስት ሹክሹክታ ነበር። ያ ፊልም አሁንም አልተሠራም።

ለፍሌሚንግደን ፓርክ ሰው ግን ከሁሉም በላይ የሚቀርበው የባዚ ጌቴ «ቀይ ቅጠሎች» (2014) ይመስለኛል። ሚስቱ የሞተችበት የ74 ዓመት አዛውንት በየተራ ልጆቹ ቤት ያርፋል፤ የትም አይመቸውም፣ ማንንም አይመችም። የሼክስፒርን ንጉሥ ሊር ለሚያውቅ ጥላው ይታያል። አዛውንቱን የሚጫወተው ደበበ እሸቱ ነው። በመድረክ ላይ ድምፁን የምናውቀው ትልቁ ተዋናይ እዚህ አፉን ዘግቶ ይቀመጣል፤ ሲናገርም በአማርኛ ነው፣ ዕብራይስጥ ከአፉ በግድ ነው የሚወጣው። እንደ አይሁድ ፊልም የተመዘገበው ይህ ሥራ፣ ልጆቹ በእንግሊዝኛ የሚመልሱለት የእኛ ሰፈር አባወራ ሁሉ ታሪክ ነው። ሰውየው ጨካኝ መሆኑን ጌቴ አልደበቀም፤ ፊልሙን ከለቅሶ ያዳነውም ያ ነው።

ይህን ፊልም ከእናቴ ጋር ነው ያየሁት። ሰብታይትሉ እንግሊዝኛ ብቻ ነበር፤ እናቴ ደግሞ እንግሊዝኛ አታነብም። አዛውንቱ በአማርኛ ያለውን ሁሉ ከእኔ ቀድማ ሰማች፤ እኔ ከታች የማነበው ትርጉም ግማሹን ቁጣ ጥሎታል። ልጆቹ በዕብራይስጥ መነጋገር ሲጀምሩ ግን ፊቷን ወደ እኔ አዞረች፣ «ምን እያሉት ነው?» አለች። በስክሪኑ ላይም አዛውንቱ አንዱን ልጅ ትቶ ሌላውን እያየ ነበር።