ስለ ሰርቨር ጥገናና ስለ ጊዜው አጠባበቅ

በሰው እጅ የተሠራ ሶፍትዌር ሁሉ፣ የቱንም ያህል በጥበብና በትጋት ቢጻፍ፣ ከነጉድለቱ ወደ ሥራ የሚወጣ ስለ ሆነ፣ ሠሪዎቹ ጉድለቱን ባወቁ ጊዜ የሚያወጡት እርማት፣ በሙያችን ፓች የምንለው፣ የሶፍትዌሩ የሕይወት ዘመን እስኪፈጸም ድረስ አይቋረጥም። ይሁን እንጂ የእርማቱ መውጣት አንድ ነገር ነው፤ በየስፍራው ተበትነው ያሉ ሰርቨሮች እርማቱን መቀበላቸው ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ጊዜ በሕግ መወሰንና የተወሰነውንም ሕግ መጠበቅ እኔ የምተዳደርበት ሙያ ነው። ከውጭ ሆኖ ለሚያየው ሰው ነገሩ በጥቁር ተርሚናል ላይ ጥቂት የትእዛዝ መስመር መጻፍ ይመስላል። ለሚሠራው ሰው ግን የጊዜ ዳኝነት ነው፦ የትኛው እርማት ዛሬውኑ ይግባ፣ የትኛው ይቆይ፣ ስንት ቀን ይቆይ፣ በስንት ሰዓትስ ይግባ የሚለውን ነገሩ ሳይደርስ አስቀድሞ መፍረድ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የማስረዳው በአማዞን ክላውድ ላይ፣ ሲስተምስ ማናጀር በተባለው አገልግሎት ውስጥ፣ ፓች ማናጀር በሚባለው መሣሪያ የሚፈጸመውን አሠራር ነው፤ የሌሎቹ ክላውዶች አሠራርም በስም ይለያል እንጂ በባሕርዩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በየሰርቨሩ ላይ ኤጀንት የሚባል አነስተኛ ፕሮግራም ይኖራል፤ ይህ ኤጀንት ራሱ በ443 ፖርት ወደ ውጭ እየወጣ ትእዛዝ መኖሩን ይጠይቃል፤ ስለዚህም ለጥገና ሲባል ወደ ሰርቨሩ የሚያስገባ በር መክፈት አያስፈልግም። ይህ ከተሟላ በኋላ ሕግ አውጪው የትኛው እርማት የተፈቀደ እንደ ሆነ የሚደነግገውን ቤዝላይን፣ ደንቡ በየትኞቹ ሰርቨሮች ላይ እንደሚጸና የሚለየውን ፓች ግሩፕ፣ ሜንቴናንስ ዊንዶው የሚባለውን የጥገና ሰዓት፣ በዚያም ሰዓት የሚከናወነውን ተግባር በየተራ በትእዛዝ ያቆማል።

ይህንኑ ሁሉ በብራውዘር ገጽ ላይ በማውስ እየጫኑ ማቆም ይቻላል፤ ለጀማሪም ይቀላል። እኔ የትእዛዝ መስመሩን የምመርጥበት ምክንያት ከፍጥነት ጋር ግንኙነት የለውም። በማውስ የቆመ ሥርዓት ውጤቱ ይታያል፤ ያቆመው ሰው አሳብ ግን በእርሱ ልብ ብቻ ይቀራል፤ ሰውየው ሥራ በለወጠ ዕለትም አብሮት ይሄዳል። በትእዛዝ የቆመው ሥርዓት ግን ፋይል ሆኖ ለውጥን ሁሉ በሚመዘግበው በጊት ይቀመጣል፣ ከመፈጸሙ በፊት ሁለተኛ ባለሙያ ያነበዋል፣ ከዓመታትም በኋላ የሚመጣ ተተኪ፣ ለምሳሌ እርማቱ የሚጠብቅበትን ቀን ከ7 ወደ 3 ያወረደው ማን እንደ ሆነ፣ መቼና በምን ምክንያት እንዳወረደው ተጽፎ ያገኘዋል። ሥርዓት ሊመረመር የሚችለው ሲጻፍ ነው።

ከሕጉ አንቀጾች ሁሉ ብዙ ክርክር የሚነሣበት፣ በእንግሊዝኛው አጠራር አፕሩቭ አፍተር ዴይስ የሚባለው፣ እርማቱ ከወጣ በኋላ እስኪፈቀድ የሚቆይበት የቀን ቁጥር ነው። አማዞን አስቀድሞ ባዘጋጃቸው የዊንዶውስና የአማዞን ሊኑክስ 2 ቤዝላይኖች ይህ ቁጥር 7 ነው። ብዙ መሥሪያ ቤት ይህን ቁጥር ሳይመረምር ይቀበለዋል፤ ቁጥሩ ግን በሁለት ጥፋቶች መካከል የቆመ ፍርድ ስለ ሆነ፣ ሁለቱንም ጥፋቶች ያላሰበ ሰው ሊፈርድበት አይገባም።

የመዘግየትን ጥፋት ዓለም እ.ኤ.አ. በ2017 አይቶታል። ማይክሮሶፍት ኤም.ኤስ. 17-010 የተባለውን እርማት ያወጣው በማርች 14 ቀን ነበር፤ ዋናክራይ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም በሜይ 12 ቀን ተነሥቶ በብዙ አገሮች የሚገኙትን ኮምፒውተሮች ሲቆልፍ፣ በእንግሊዝ አገርም ሆስፒታሎች ሕሙማንን እስከ መመለስ ሲደርሱ፣ መድኃኒቱ ከወጣ 59 ቀን ሆኖት ነበር። ያ ሁሉ መከራ የደረሰው መፍትሔ ጠፍቶ አልነበረም፤ የተገኘው መፍትሔ የሚገባበት ቀን ባለመወሰኑ ነው።

የመቸኮል ጥፋትም የራሱ ምስክር አለው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 24 ቀን 2024 የወጣው ኤክስ ዜድ የተባለው የማመቂያ ፕሮግራም 5.6.0 እትም በውስጡ የተሰወረ የጀርባ በር ይዞ ነበር፤ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ በኤስ ኤስ ኤች ሲገባ ግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱን ልብ ብሎ፣ ነገሩን እስከ ሥሩ መርምሮ በማርች 29 ቀን ለዓለም አስታወቀ። እዚህ ላይ አንባቢዬ ቁጥሩን ያስተውል፤ በሁለቱ ቀኖች መካከል 34 ቀን አለ፤ ስለዚህ የ7 ቀን ጥበቃ ብቻውን ማንንም አያድንም ነበር። ብዙዎችን ያዳናቸው በሥራ ላይ ባሉ ሰርቨሮቻቸው ላይ የጸናውን የሊኑክስ እትም ብቻ መጠቀማቸው ነው፤ የተበከለው ፓኬጅ በአመዛኙ ገና በፈተና ላይ በነበሩት እትሞች ውስጥ ሳለ ተያዘ። በዚያው ዓመት በጁላይ 19 ቀን ደግሞ ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ድርጅት ያሰራጨው ስሕተት ያለበት ማደሻ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የሚያህሉ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ጣለ፤ ማደሻው በ78 ደቂቃ ውስጥ ቢመለስም ጥፋቱ አስቀድሞ ደርሶ ነበር፤ ከአዲሱ እትም በአንድ ደረጃ ወደ ኋላ እንቆይ ብለው ያዘዙትም ደንበኞች አልዳኑም፤ ይህ ዓይነቱ ማደሻ በዚያ ትእዛዝ ሥር አልነበረምና። ሕግ ያወጣ ሰው ሕጉ የማይደርስበትን ስፍራ ጭምር ማወቅ እንዳለበት ከዚህ ይበልጥ የሚያስተምር ነገር አላገኘሁም።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። የፈተናው ሰርቨር እርማቱን በወጣበት ቀን ይቀበል፤ ቁጥሩ 0 ይሁን። አገልግሎት የሚሰጠው ሰርቨር 7 ቀን ይጠብቅ። በአጥቂዎች እጅ መግባቱ የተረጋገጠው ጉድለት ግን ሰባቱን ቀን አይጠብቅ፤ እርማቱ በስሙ ተጠርቶ በተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ በዚያው ዕለት ይግባ፤ ይህንንም የሚፈቅደው ሰው ማን እንደ ሆነ ነገሩ ከመድረሱ በፊት በጽሑፍ ይወሰን። በኡቡንቱ ላይ የፓኬጆቹ የወጡበት ቀን በእርግጥ ስለማይታወቅ የቀን አንቀጹ አይሠራም፤ ስለዚህ ኡቡንቱ ያለው ሰው ሁለት የጥገና ሰዓት አቁሞ፣ የፈተናውን ሰርቨር በፊተኛው ሳምንት፣ ዋናውን በሚቀጥለው ሳምንት ያስጠግን። የተከለከሉት እርማቶች ዝርዝር ደግሞ እንደ ውግዘት ያለ ነገር ነውና ያለ ምክንያት አይወገዝ፣ የተወገዘውም የሚፈታበት ቀን ሳይጻፍለት አይቅር፤ አንድ ፕሮግራም አበላሸ ተብሎ ለጊዜው የታገደ እርማት፣ ያገደው ሰው ረስቶት ለዓመታት ታግዶ ሲቀር አይቻለሁና።

በዚህ ስፍራ ብዙ ጠንቃቆችን የሚያስት አንድ ነገር አለ። ማይክሮሶፍት የየወሩን እርማት የሚያወጣው በአውሮፓውያኑ ወር ሁለተኛ ማክሰኞ፣ በእኛ የሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ነው፤ ስለዚህ አንድ ባለሙያ የጥገናውን ሰዓት ከዚያ ማክሰኞ በኋላ ባለው ቅዳሜ ላይ፣ በወር አንድ ጊዜ እንዲሆን ያዝዛል፤ አሳቡም መልካም ነው። በቤዝላይኑ ላይ ግን 7 ቀን ጽፎአል፤ ይህም ለብቻው ሲታይ መልካም ነው። ሁለቱ መልካሞች በተገናኙ ጊዜ ቅዳሜው የሚውለው በ4ኛው ቀን ስለ ሆነ፣ እርማቱ ገና ያልተፈቀደ ሆኖ ይታለፋል፤ ለሚቀጥለውም ወር ቅዳሜ ይቆያል፤ ይኸውም እርማቱ ከወጣ በ32ኛው ወይም በ39ኛው ቀን ነው። በሪፖርቱ ላይም ስሕተት ላይታይ ይችላል፤ የጎደለ እርማት የሚቆጠረው ከተፈቀደው መካከል ነውና። ስለዚህ የቀኑን ቁጥርና የጥገናውን ሰዓት የሚወስን ሰው አንድ ይሁን፤ ሁለት ሰዎች ከሆኑም በአንድ ፋይል ላይ ይጻፉት።

የፓች ግሩፕ ነገር ቀላል ቢመስልም የሕጉ ሁሉ መሠረት እርሱ ነው። ሰርቨሩ ወደ ግሩፑ የሚገባው ታግ በሚባል መለያ ነው፤ አንድ ሰርቨር ከአንድ ግሩፕ በላይ ሊገባ አይችልም፤ ታግ ያልተለጠፈበት ሰርቨር ደግሞ፣ ጥገናው በታግ የታዘዘ እንደ ሆነ፣ ማንም ሳይጠራው ይቀራል። ኢኩዊፋክስ የተባለው የአሜሪካ የብድር መረጃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 አፓቺ ስትረትስ በተባለው ሶፍትዌር ላይ የተገኘው ጉድለት በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲታረም ለሠራተኞቹ ትእዛዝ አስተላልፎ ነበር፤ ነገር ግን የተደረገው ፍተሻ ጉድለቱ ያለበትን ሰርቨር ሳያገኘው ቀረ፤ አጥቂዎቹ በሜይ ወር ገቡ፤ 147 ሚሊዮን የሚያህሉ ሰዎች መረጃም ተወሰደ። ትእዛዙ ነበረ፤ ትእዛዙን የሚቀበለው ሰርቨር በመዝገብ አልታወቀም። ይህን ስናገር ግን፣ ስትረትስን የመሰለ በፕሮግራሙ ሆድ ውስጥ የሚከተት ላይብረሪ ፓች ማናጀርም እንደማይደርስበት መሰወር አይገባኝም፤ ፓች ማናጀር የሚጠግነው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የሚያውቀውን ፓኬጅ ነው፤ የቀረውን የፕሮግራሙ ጸሐፊዎች ይጠብቁት ዘንድ ግዴታቸው ነው።

ወደ ሰዓቱ ስንመጣ በአገራችን ለሚሠራ ባለሙያ ሌላ ጥንቃቄ ይጨመርበታል። የጥገናው ሰዓት የሚጻፍበት ክሮን፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፣ በዩ.ቲ.ሲ. ይቆጥራል፤ የሰዓት ቀጠናው አዲስ አበባ ነው ተብሎ ቢታዘዝም እንኳ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት እንጂ እንደ እኛ ከንጋት አይጀምርም። በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የሚባለው ለክሮኑ 3 ሰዓት፣ በዩ.ቲ.ሲ. ደግሞ እኩለ ሌሊት ነው። ከሰዓቱም ይልቅ የሚያሳስተው ቀኑ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ «ቅዳሜ ሌሊት 9 ሰዓት ይሁን» ሲል፣ ማለቱ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ነው፤ ያ ሰዓት በክሮኑ ዘንድ እሑድ ነው፤ የተባለውን በቃሉ ይዞ ቅዳሜ ብሎ የጻፈ ሰው ሥራውን ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ያስነሣዋል፤ በማግሥቱም ቅዳሜ ግማሽ ቀን የሚሠራው መሥሪያ ቤት ሰርቨሮቹ እንደ ተነሡ ሳያረጋግጥ ደንበኛ ይቀበላል። ስለዚህ በፋይሉ ውስጥ ከክሮኑ መስመር በላይ «ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት» ብሎ በአማርኛ መጻፍን ለደቀ መዛሙርቴ ሁሉ አዝዣለሁ። ሰኔ 30 የበጀት ዓመት የሚዘጋበት ቀን መሆኑንም ክሮን አያውቅም፤ በዚያ ሳምንት የጥገናውን ሰዓት አስቀድሞ ማገድ፣ ሐምሌም ሲገባ መልሶ መክፈት የሰው ሥራ ነው።

በተወሰነው ሰዓት ውስጥ ስለሚሆነው በአጭሩ ልናገር። የሰዓቱ ርዝመት 4 ሰዓት፣ መቁረጫው 1 ሰዓት ተብሎ ቢታዘዝ፣ በመጨረሻዋ ሰዓት አዲስ ሥራ አይጀመርም፤ የተጀመረው ግን፣ እንዲቋረጥ ካልታዘዘ፣ ይቀጥላል። ስንቱ ሰርቨር በአንድ ጊዜ እንዲጠገን፣ ስንቱም ሲወድቅ ሥራው እንዲቆም በመቶኛ ይወሰናል፤ ሁለቱንም ቁጥሮች ዝቅ አድርጎ መጀመር ይበጃል።

የሁሉም ፍጻሜ ሪስታርት ነው፤ ሥርዓቱም በብዛት የሚፈርሰው በዚህ ነው። የጥገናው ትእዛዝ ሰርቨሩ ካስፈለገው እንዲነሣ ወይም ከቶ እንዳይነሣ የሚል ምርጫ አለው፤ አገልግሎት እንዳይቋረጥ የሚፈራ ሰው ሁለተኛውን ይመርጣል። እንዲህ ሲሆን አዲሱ ከርነል በዲስኩ ላይ ይጻፋል፤ በሜሞሪ ላይ የሚሠራው ግን ከነጉድለቱ አሮጌው ነው። ሳይነሣ ከርነልን የሚያርም ላይቭ ፓቺንግ የሚባል ዘዴ ቢኖርም ሁሉን እርማት አያካትትም። ዲስክራይብ ኢንስታንስ ፓች ስቴትስ የሚለው ትእዛዝ በየሰርቨሩ ገብተው ሪስታርት የሚጠብቁትን እርማቶች ለይቶ ይቆጥራል፤ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ስጠራ አስቀድሜ የማየው ይህን ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ያለ ከሆነ ጉድለቱ በባለሙያው ላይ አለመሆኑን ብዙ ጊዜ አገኛለሁ፤ ባለሙያው ሰርቨሩን ለማስነሣት ፈቃድ የሚሰጠው አጥቶ ነው።

ስለዚህ የመጨረሻውን ቃል የምናገረው ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ነው። ባለሙያዎቻችሁ እርማቱን መርምረው፣ ቀኑን ቆጥረው፣ ሰርቨሩን በየግሩፑ ለይተው ሊያቀርቡላችሁ ይችላሉ፤ አገልግሎቱ ለአንድ ሰዓት እንዲቋረጥ የመፍቀድ ሥልጣን ግን የእናንተ ነው። በየወሩ አንድ ሌሊት ወስኑላቸው፤ ውሳኔውንም በፊርማችሁና በማኅተማችሁ አጽኑት፤ ደንበኞቻችሁም ሌሊቱን አስቀድመው እንዲያውቁት አድርጉ።